ይቅር ባይ ዱላ

ቨርጂኒያ የሚኖሩት አጎቴ ባለፈው ክረምት ደውለው፣ "አንተ ኢንጂነር ነህ አይደል? እስቲ አንድ ዱላ ምረጥልኝ" አሉኝ። የጎልፍ ዱላ ማለታቸው ነው። ስልሳ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ወገባቸው እንደ ድሮው አይታዘዝም። ቦርሳቸው ውስጥ ያለችው 3 ቁጥር ብረት ከአሥር ምት ሁለቱን ብታምር ስምንቱን ሣር ለሣር ታስኬዳለች። ጓደኞቻቸው "በሀይብሪድ ቀይራት" ሲሏቸው "እሱ እኮ ለማይችል ሰው የተሠራ ነው" እያሉ ሦስት ዓመት ተከራክረዋል። አሁን እጅ ሊሰጡ ነው፤ ግን ቅር እያላቸው።

እኔ ሶፍትዌር እጽፋለሁ እንጂ ጎልፍ ተጫውቼ አላውቅም። "ለማይችል ሰው" የምትለዋ ነገር ግን ከነከነችኝ። ታሪኩን ማንበብ ስጀምር ነገሩ ከጎልፍ አልፎ ሄደ። ሰው ሲስት ጥፋቱ የማን ነው? የሰውየው ወይስ የመሣሪያው? የዚህ ዱላ ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ክርክር ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ፦ የጎልፍ ዱላዎች ከጥንት ጀምሮ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። "እንጨት" የሚባሉት ራሳቸው ትልቅና ድቡልቡል ሲሆን ለሩቅ ምት ናቸው። "ብረት" የሚባሉት ደግሞ ራሳቸው ቀጭን ነው፤ በቁጥር ይጠራሉ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዱላው ይረዝማል፣ ፊቱ ይበልጥ ቀጥ ይላል፣ ኳሱም ሩቅ ይሄዳል። ችግሩ ቁጥሩ ሲያንስ መምታቱም መክበዱ ነው። 1 ቁጥር ብረት እንደ ቢላዋ የሳሳ ነበር። ከመሀሉ ጣት የምታህል ስንዝር ቀርቶ ትንሽ ከሳቱ እጅን ያነዝራል፤ ኳሱም የትም ይቀራል። ሊ ትሬቪኖ የተባለው አሜሪካዊ ተጫዋች ይህችን ብረት ፈጣሪም ቢሆን ሊመታት አይችልም እያለ ይቀልድ ነበር ይባላል።

ክብሯ የመጣውም ከዚሁ ነው። ቤን ሆጋን በየካቲት 1949 መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ አጥንቱ ተሰባብሮ ነበር። ዳግም መራመዱ ራሱ አጠራጣሪ ነበር። ከ16 ወር በኋላ፣ በሰኔ 1950፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሜሪዮን በተባለው ሜዳ ለአሜሪካ ኦፕን ዋንጫ ተሰለፈ። በመጨረሻው ቀን 36 ጉድጓድ በቆሰለ እግሩ ተጉዞ የመጨረሻዋ ላይ ሲደርስ 1 ቁጥር ብረቱን አወጣና ኳሷን ግሪኑ ላይ አሳረፋት። በማግስቱ በተደረገው መለያ ጨዋታ አሸነፈ። ከጀርባው የተነሳችው የዚያች ምት ፎቶ በጎልፍ ዓለም የታወቀች ናት። ከዚያ በኋላ ያቺን ብረት ቦርሳ ውስጥ መያዝ ራሱ የወንድነት ማስረጃ መሰለ። አጎቴም ሳያውቁት የዚህ ወራሽ ናቸው።

ክርክሩን የቀየረው ተጫዋች አልነበረም። ካርስተን ሶልሃይም በ1911 ኖርዌይ ውስጥ በርገን ከተማ ተወለደ፤ በልጅነቱ ቤተሰቡ ወደ ሲያትል ተሻገረ። የጫማ ሠሪ ልጅ ነው፤ ራሱም ጫማ ሲጠግን ኖሯል። የጀመረውን የምሕንድስና ትምህርት በገንዘብ እጦት አቋርጦ ነበር። ኋላ ላይ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ ኢንጂነር ሆኖ ሲሠራ፣ በ42 ዓመቱ ጎልፍ ጀመረ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርሶ ኳሱን ይስታል። ሌላው ሰው ቢሆን "እጄ ነው" ብሎ ልምምድ ይጨምራል። እሱ ግን ዱላውን መረመረ። ኳሱ ከመሀል ትንሽ ወጣ ብሎ ሲመታ የዱላው ራስ እጅ ውስጥ ይዞራል፤ ኳሱን የሚያስተው ያ መዞር ነው።

መፍትሔው ቀላል ይመስላል። ሁለት ጄሪካን ውሃ ደረትህ ላይ አቅፈህ ቁምና ሰው ትከሻህን ይግፋህ፤ ወዲያው ትዞራለህ። እነዚያኑ ጄሪካኖች እጅህን ዘርግተህ ግራና ቀኝ ብትይዛቸው ግን እሱ ገፊው ይቸገራል። ክብደቱ አልጨመረም፤ ከመሀል ርቆ ተቀመጠ እንጂ። ሶልሃይምም የዱላውን ክብደት ከመሀል አንስቶ ወደ ሁለቱ ጫፎች ወሰደው። በ1959 ካሊፎርኒያ ውስጥ በቤቱ ጋራዥ የሠራው ፓተር ኳስ ሲነካ ከሚያሰማው ድምፅ የተነሳ "ፒንግ" ተባለ። በ1967 መሥሪያ ቤቱን ለቆ የራሱን ሥራ ያዘ። ይህንኑ ሐሳብ ወደ ብረቶቹም አመጣው፤ ጀርባቸውን ጎድጉዶ ክብደቱን ዳር ዳር ላይ አደረገ።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ የመመዝገቢያ ፎርም ጻፍኩ። መዝገብ ቤት የምትሠራ አንዲት ሴት የትውልድ ዘመን በእኛ አቆጣጠር ሞላች፤ ፕሮግራሜ በፈረንጅ ቆጥሮ ተቀበላት። ሰው ሁሉ በአንድ ሳምንት ሰባት ስምንት ዓመት አረጀ። "ጥፋቱ የእሷ ነው፤ መመሪያው ላይ ተጽፏል" አልኩ። አለቃዬ ቀና ብሎ አየኝና "አዲስ አበባ ቁጭ ብለህ ፎርም ስትጽፍ ሰው በምን አቆጣጠር ይሞላል ብለህ ነው?" አለኝ። ትክክል ነበር። የሚጠበቅ ስህተት ከሆነ አስቀድሞ ማሰብ የሠሪው ሥራ ነው። ሶልሃይም ያወቀው ይህን ነው።

ወደ ሀይብሪዱ ስንመለስ፣ በአንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም። አውስትራሊያዊው ቶማስ ክሮው በ1975 ኮብራ በተባለው ኩባንያው "ባፍለር" የተባለ ዱላ አወጣ፤ ሆዱ ላይ ሁለት ሐዲድ የመሰለ ነገር ስላለው በረጅም ሣር ውስጥ ይንሸራተታል። ጋሪ አዳምስ በ1979 ቴይለርሜድን ሲመሠርት "እንጨቱን" በባዶ ብረት ተካው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ እነዚህ መንገዶች ተገናኙ፤ ርዝመቱ ወደ ብረት፣ ራሱ ደግሞ ወደ እንጨት የሚጠጋ ዱላ ተስፋፋ። ክብደቱ ወደ ታችና ወደ ኋላ ስለሚቀመጥ ኳሱን ቶሎ ያነሳዋል፤ ሲስቱም ብዙ አይዞርም።

"ለማይችል ሰው" የሚለው ስም ግን አልለቀቀውም ነበር። በ2004 ስኮትላንድ፣ ሮያል ትሩን ላይ፣ ቶድ ሃሚልተን የተባለ ብዙም የማይታወቅ አሜሪካዊ ከኤርኒ ኤልስ ጋር መለያ ጨዋታ ገባ። በመጨረሻው ጉድጓድ ከግሪኑ በፊት በቀረችው ኳስ ላይ ሀይብሪድ አውጥቶ መሬት ለመሬት አንከባለላትና ጉድጓዱ አጠገብ አቆማት፤ ዋንጫውን ወሰደ። በ2009 ደግሞ ኮሪያዊው ያንግ ዮንግ ኡን ሚኒሶታ ውስጥ ታይገር ዉድስን ሲገጥም፣ ዉድስ በታላላቆቹ ውድድሮች የመጨረሻውን ቀን እየመራ ጀምሮ ተሸንፎ አያውቅም ነበር። በመጨረሻው ጉድጓድ ያንግ ከ180 ሜትር በላይ በሀይብሪድ አሻግሮ ከጉድጓዱ ጥቂት ሜትር ላይ አሳረፋት። "ለማይችል ሰው" በተባለው ዱላ።

እንግዲህ ለአጎቴ የጻፍኩላቸው ምክር ይህ ነው። አንደኛ፣ ዱላው ላይ ያለውን ቁጥር አይመኑ፤ 3 ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። የፊቱን ዲግሪ ይመልከቱ፤ ሀይብሪድ እኩል ቁጥር ካለው ብረት አብዛኛውን ጊዜ ርቆ ይሄዳልና ከሌሎቹ ዱላዎችዎ ጋር እንዳይደራረብ። ሁለተኛ፣ ኳስዎ ወደ የት እንደሚያደላ ይወቁ፤ ወደ ቀኝ ለሚያመልጠው የሚረዳው ቅርጽ ወደ ግራ ለሚያመልጠው ጠላት ነው። ሦስተኛ፣ ሱቅ ገብተው ሲሞክሩ አሥር ኳስ ይምቱና ምርጧን ይርሷት። ሻጩ የሚያሳይዎ እሷን ነው፤ እርስዎ ግን ሜዳ ላይ የሚኖሩት ከሦስቱ መጥፎዎች ጋር ነው። የእነሱ ጥፋት ያነሰበትን ዱላ ይግዙ።

አራተኛ፣ ከ1938 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ ቦርሳ ውስጥ ከ14 ዱላ በላይ አይፈቀድም፤ አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል። ሆጋንም ሜሪዮን ላይ 1 ቁጥሯን ሲይዝ 7 ቁጥሯን ትቷት ነበር፤ በዚያ ሜዳ አታስፈልገኝም ብሎ። ጋሼ፣ ሆጋንን መምሰል ከፈለጉ በዚህ ይምሰሉት፤ የማያስፈልገውን አውቆ ይተው ነበር።

በወሩ ደወሉ። 3 ቁጥሯ ጋራዥ ውስጥ ተሰቅላለች።

"ስንቱ ሄደልዎ?" አልኳቸው።

"ከአሥሩ ሰባቱ።"

"ሦስቱስ?"

"ሦስቱ የእኔ ጥፋት ነው" አሉና ሳቁ። ዱላው እንደማይደብቃቸው ገብቷቸዋል።