ዐረፍተ ነገርን ከዐረፍተ ነገር ስለ ማያያዝ፤ የእንግሊዝኛ ድርሰት ትምህርት በወልቂጤና በቡታጅራ

ከጉራጌ ከተሞች ወደ ከፍተኛ ትምህርት በሚመጣው ተማሪ የእንግሊዝኛ ድርሰት ላይ ብዙ ጊዜ ከሚሰነዘሩት ነቀፋዎች አንዱ «ዐረፍተ ነገሩ አይያያዝም» የሚል ነው። ነቀፋው በዚህ ቢቆም ባልከፋ፤ ነገር ግን አንዳንድ ሰዎች ከዚህ አልፈው፣ ጽሑፉ ካልተያያዘ አሳቡም አልተያያዘም ብለው ይፈርዳሉ። ይህ ፍርድ የተማሪውን ውጤት ብቻ ሳይሆን ስለ ራሱ ያለውንም ግምት የሚነካ ስለ ሆነ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የነገሩን መነሻ ከታሪክና ከቋንቋ በኩል ለመመርመር እንሞክራለን። የምናስረዳውም ይህን ነው፤ ተማሪው ማያያዝን አላጣም፤ የሚያያይዝበት መሣሪያና እንግሊዝኛ የሚፈልገው መሣሪያ የተለያዩ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበትንም መንገድ በቅጡ ያሳየው የለም።

፩. የሁለቱ ከተሞች ቋንቋዎች

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ከ150 ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብላ ትገኛለች። ቡታጅራ በዓለም ገና በኩል ወደ ደቡብ በሚወርደው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በመስቃን ምድር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሁለቱም በአንድ የጉራጌ ዞን ሥር ቆይተው፣ በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተቋቋመ ወዲህ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነዋል።

በወልቂጤ ገበያ የቸሃ፣ የእዣ፣ የእነሞርና የሌሎችም የሰባት ቤት ጉራጌ ቋንቋዎች ከቀቤንኛና ከኦሮምኛ ጋራ ይሰማሉ። በቡታጅራም የመስቃን ቋንቋ፣ ክስታንኛ፣ ስልጥኛና ማረቆኛ ይገናኛሉ። ቀቤንኛና ማረቆኛ እንደ ኦሮምኛ ከኩሽ ወገን ሲሆኑ የጉራጌዎቹ ቋንቋዎች እንደ አማርኛ ከሴም ወገን ናቸው። ይሁን እንጂ ሁሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ዋናውን ግስ ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያስቀምጣሉ። እንግዲህ የሁለቱ ከተሞች ልጅ ቤቱ በአንዱ፣ ገበያው በሌላው፣ ትምህርቱ በአማርኛ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ቋንቋው ሆኖ ይመጣበታል።

፪. እንግሊዝኛ ወደ ተማሪ ቤት የገባበት መንገድ

ከጣልያን ወረራ በፊት በዳግማዊ ምኒልክ ተማሪ ቤትና በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ተማሪ ቤት ከውጭ ቋንቋዎች የበላይነት የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ግን መጽሐፉም መምህሩም አብዛኛውን ከእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ስለ መጣ ቦታውን እንግሊዝኛ ወሰደ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ሲጀምር ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከፍተኛ ትምህርት የፈለገ ሁሉ አሳቡን በዚህ ቋንቋ ማያያዝ ግዴታው ሆኗል።

በ1955 ዓ.ም. መባቻ ላይ ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ ሰላም ጓድ መምህራን ወደ አገራችን ገብተው በጠቅላይ ግዛት ከተሞች ሳይቀር ማስተማር ጀመሩ። በ1950ዎቹም አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያ ሆነ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ አዘዘ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ ሲተላለፍ፣ ከመስኮቱ የሚናገረው መምህር የተማሪውን ደብተር የሚያይበት ዓይን አልነበረውም።

በነዚህ ለውጦች ሁሉ መካከል ድርሰት መጻፍ ወደ ኋላ ቀረ። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ሲታጨቅ መምህሩ ድርሰት ሰብስቦ ለማረም ጊዜ አያገኝም። የብሔራዊ ፈተናው እንግሊዝኛም ከተሰጡት ምርጫዎች መልሱን በመለየት የሚሠራ ነው። ስለዚህ ተማሪው ከአራት ማያያዣ ቃላት ትክክለኛውን መምረጥ ይለምዳል፤ ከራሱ አእምሮ የወጡ ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን በገዛ እጁ ማያያዝ ግን ፈተና ላይ አይጠየቅምና ችላ ይባላል። በ2004 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በጉብሬው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላው ሲደርስ፣ ሳይለማመደው የቀረውን ነገር በአንድ ጊዜ ይጠየቃል።

፫. ማሰሪያና ቦዝ

የቀድሞ የሰዋስው ሊቃውንት የዐረፍተ ነገሩን ዋና ግስ «ማሰሪያ አንቀጽ» ብለው ጠሩት። «ሄዶ፣ በልቶ፣ ተምሮ» የመሰለውን ደግሞ ብቻውን ዐረፍተ ነገር መዝጋት ስለማይችል «ቦዝ አንቀጽ» አሉት። ስሙ ራሱ የአማርኛን ጠባይ ያስረዳል፤ ቦዞቹ ይከታተላሉ፤ በመጨረሻ የሚመጣው ግስ ሁሉንም ያስራል። በክስታንኛም ከግሱ ጫፍ የምትታከለው «ም» ተመሳሳይ ሥራ ትሠራለች። እንግሊዝኛ ግን ቋጠሮውን ከሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች መካከል ወይም ከፊታቸው፣ ራሱን በቻለ ቃል ያኖራል።

ልዩነቱ የቦታ ብቻ አይደለም። እነዚህን አራት ዐረፍተ ነገሮች እንመልከት፤ «በልቶ ተኛ»፤ «ሮጦ መጣ»፤ «ታሞ ቀረ»፤ «ተምሮ ሥራ አጣ»። መልኩ አንድ ነው፤ ዝምድናው ግን አራት ነው። የመጀመሪያው መቼ እንደ ሆነ፣ ሁለተኛው እንዴት እንደ ሆነ፣ ሦስተኛው ስለ ምን እንደ ሆነ ይናገራል። አራተኛው ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር መሆኑን ይገልጣል። ሰሚው ዝምድናውን ከነገሩ ሁኔታ ይረዳዋል። እንግሊዝኛ ጸሐፊ ግን ዝምድናውን ለይቶ እንዲናገር ብዙ ጊዜ ይገደዳል፤ ለጊዜው «አፍተር»፣ ለምክንያቱ «ቢኮዝ»፣ ላልተጠበቀው «ኦልዞው» እያለ ይመርጣል። ይህን ምርጫ ያልተለማመደ ተማሪ ወይ ሁሉን በ«ኤንድ» ይደረድራል፣ ወይ ነጠላ ሰረዝ እያስገባ እንደ አማርኛው ይቀጥላል፣ ወይም አጫጭር አድርጎ ይቆራርጠዋል።

ሁለተኛው ችግር በመስተዋድድና በመስተፃምር መካከል ይገኛል። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በአማርኛ ሰዋስው መጽሐፋቸው ሁለቱን በተለያየ የቃል ክፍል መድበዋቸው ነበር። ፕሮፌሰር ባዬ ይማም ግን በ1987 ዓ.ም. በታተመው ሰዋስዋቸው የአማርኛን የቃል ክፍሎች በአምስት ሲወስኑ ለመስተፃምር የተለየ ክፍል አላቆሙለትም። በእርግጥም «ስለ ዝናቡ ቀረ» እና «ስለ ዘነበ ቀረ» ስንል «ስለ» ከስምም ከግስም ጋራ ያለ ለውጥ ይሄዳል። በእንግሊዝኛ ግን ከስም ፊት «ቢኮዝ ኦፍ»፣ ከዐረፍተ ነገር ፊት «ቢኮዝ» ብቻ ነው። «ዲስፓይት»ን ስም ይከተለዋል እንጂ እንደ «ኦልዞው» ሙሉ ዐረፍተ ነገር አይከተለውም። ተማሪው ሁለቱን ሲያቀላቅል በግድየለሽነት አይደለም፤ በአማርኛው ልክ ነው።

ሦስተኛው፣ አማርኛ ዝምድናውን ሁለት ጊዜ ማሳየት ይወድዳል። «ቢታመምም ግን መጣ» ብንል ማንም አይነቅፈንም። በእንግሊዝኛ «ኦልዞው» ብሎ ጀምሮ በመካከል «ባት» ማስገባት ግን ስሕተት ነው። አራተኛው፣ «ምክንያቱም» በአማርኛ ከአራት ነጥብ በኋላ አዲስ ዐረፍተ ነገር ሊጀምር ይችላል። ተማሪውም በዚሁ ልማድ «ቢኮዝ» የሚለውን ለብቻው ይጽፍና ዋናውን ዐረፍተ ነገር ከነጥቡ ወዲያ ማዶ ይተወዋል።

፬. ቀድሞ የተሻገርነው ድልድይ

የእንግሊዝኛው ሥርዓት ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ ነው ማለት ግን አይቻልም። ግእዝ «እስመ» የሚለውን ምክንያት ነጋሪ ቃል ከዐረፍተ ነገሩ ፊት ያስቀድማል። የትርጓሜ መምህራን ወደ አማርኛ ሲመልሱት ብዙ ጊዜ ከግሱ ጫፍ «ና» አድርገው «ነውና፣ ብሏልና» ይላሉ። ማለት ከፊት የነበረውን ቋጠሮ ወደ ኋላ ያዞሩታል። በወልቂጤና በቡታጅራ ብዙ ልጆች በሚያውቁት በቁርኣን ቤት ትምህርትም ዐረብኛው «ሊአነ» የሚለውን ቃል እንዲሁ ከፊት ያስቀድማል። ስለዚህ የቄስ ተማሪ ቤትም ሆነ የቁርኣን ቤት ከሁለት የተለያዩ ሥርዓቶች ጋራ ሲሠሩ ኖረዋል። የእንግሊዝኛ መምህር ከዚህ ቢነሣ አዲስ ነገር እንደሚያመጣ ሳይሆን የታወቀ ሥራን ወደ ሌላ ቋንቋ እንደሚያስፋፋ ይቈጠራል።

ድልድዩን የተሻገሩ ሰው ከዚሁ አገር መኖራቸውንም ማስታወስ ይገባል። በጉራጌ ምድር የተወለዱትና የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪ የነበሩት አቶ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም፣ የጉራጌን መንደር ኑሮ የሚገልጠውን «የሺነጋ መንደር» የተባለ መጽሐፋቸውን የጻፉት በቸሃ ቋንቋ ነበር። የሴም ቋንቋዎች ሊቅ የነበሩት ፕሮፌሰር ዎልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመውት እ.ኤ.አ. በ1964 ታተመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደራሲው «አፈርሳታ» የተባለውን ልብ ወለድ ራሳቸው በእንግሊዝኛ ጻፉ። በአማርኛም ደርሰዋል። በመጀመሪያው መጽሐፍ ቸሃውን ወደ እንግሊዝኛ አያያዥነት የመለሰው ተርጓሚ ሲሆን፣ በሁለተኛው ደራሲው ራሳቸው ናቸው። ለእኛ ክርክር ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም፤ ቸሃን አፉን የፈታበት ሰው በእንግሊዝኛ ማያያዝ ይችላል።

፭. በታሪክ ጽሑፍ ላይ ያለው ዋጋ

ነገሩ የቋንቋ ክፍል ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ አንድ ምሳሌ እናቅርብለት። የክስታኔ ጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ ከዓለም ገና እስከ ወላይታ ሶዶ መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቁመው ገንዘብ ማዋጣታቸው የታወቀ ነው። አንድ ተማሪ ይህን መሠረት አድርጎ «ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ፣ መንገዱ ተጠርጎ፣ ገበያው ሰፍቶ፣ ተማሪ ቤት ተከፈተ» ብሎ ቢጽፍ አማርኛው ያማረ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ግን ጥያቄ ይነሣበታል። ተማሪ ቤቱ የተከፈተው ገበያው ከሰፋ በኋላ ነው ወይስ ገበያው ስለ ሰፋ? መንገዱ ምክንያት ነው ወይስ አጋጣሚ? «አፍተር» ብሎ ቢጽፍ ቀን ማስረዳት ይበቃዋል፤ «ቢኮዝ» ብሎ ቢጽፍ ግን ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ማያያዣ ቃል የታሪክ ጸሐፊው ፍርድ የሚታይበት ቦታ ነው። ቦዝ አንቀጹ ይህን ፍርድ ለአንባቢ ይተወዋል፤ እንግሊዝኛው ከጸሐፊው ይጠይቃል።

ስለዚህም «ሀውኤቨር፣ ሞርኦቨር፣ ዜርፎር» የሚሉትን ቃላት በዝርዝር ማስጠናት መድኃኒት አይሆንም። «ቡታጅራ ሰፊ ገበያ አላት፤ ከዚህም በላይ ትናንት ዘነበ» ብንል ማያያዣው ስላለ ነገሩ አይያያዝም። ዝምድና በአሳብ ውስጥ ከሌለ ቃሉ አይፈጥረውም።

፮. ምን ይደረግ

በአሜሪካ ፍራንክ ኦሄር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ የሰዋስው ስሞችን ሳይሸመድዱ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮችን ወደ አንድ ማዋሐድ የተለማመዱ የ7ኛ ክፍል ልጆች ካልተለማመዱት የተሻለ ድርሰት እንደ ጻፉ አሳይተዋል። እኛም ይህን ልምምድ ለአገራችን በሚስማማ መንገድ እንድንይዘው እናሳስባለን። መምህሩ ከቦዝ አንቀጾች የተሠራ አንድ የአማርኛ ወይም የጉራጌኛ ዐረፍተ ነገር ይስጥ። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ በየቦዙ ሥር «መቼ? እንዴት? ስለ ምን? ምንም እንኳ?» እያሉ ዝምድናውን ይጻፉ። ከዚያ በኋላ ብቻ የእንግሊዝኛውን ቃል ይምረጡ። ይህ ሥራ ብዙ ወረቀት አይፈጅም፤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለሚሠራም ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ይቻላል።

የዩኒቨርሲቲ መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ያልተያያዘ የሚመስል ድርሰት ሲያጋጥማቸው ተማሪውን ጠርተው በቃሉ ያስረዱት ዘንድ ይጠይቁት። ነገሩን በአፉ አያይዞ ከተናገረው የጐደለው አሳብ አይደለም። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ሥራ ከመጨረሻ ያሰረውን ቋጠሮ ፈትቶ ከመካከል እንዲያስር ማስተማር ነው፤ ይህም በትዕግሥት የሚገኝ ሙያ እንጂ ከተፈጥሮ የሚነፈግ አይደለም።