በበረዶና በውርጭ መንገድ ላይ ፒክአፕ ስለማሽከርከር

በደጋማ አካባቢዎች ድንገት የሚጥለው በረዶ መንገዱን በደቂቃዎች ውስጥ ነጭ ያለብሳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ የሚያድርባቸው ሌሊቶች ውርጭ ያስከትላሉ፤ በመንገድ ላይ የተኛ ውኃም ይረጋል። በረዷማ ክረምት የለመዱ አገሮች መንገድ የሚጠርግ ማሽን፣ የሚበተን ጨውና ልዩ የክረምት ጎማ ያዘጋጃሉ። በእኛ መንገዶች ላይ እነዚህ ስለሌሉ የአደጋው መከላከያ በአሽከርካሪው ጥንቃቄ ላይ ይወድቃል።

ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም። ሙቀት በለመደችው የአሜሪካዋ ቴክሳስ ግዛት፣ ፎርት ዎርዝ ከተማ፣ የካቲት 4 ቀን 2013 ዓ.ም ማለዳ ዝናብ መንገድ ላይ ረግቶ ከ130 በላይ ተሽከርካሪዎች ተላተሙ፤ የ6 ሰዎች ሕይወትም አለፈ።

የት ይበረታል?

ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር ሲጨምር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ነጥብ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ የሚገኘው የጣርማ በር አካባቢ፣ እንዲሁም ከ4 ሺህ ሜትር በላይ በቧሒት የሚያልፈው የስሜን ተራሮች መንገድ የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። ድልድይ ከላይም ከታችም ቀዝቃዛ አየር ስለሚነካው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይረጋል። ፀሐይ የማያገኘው ጥላማ መታጠፊያም ረፋዱ ላይ ሳይሟሟ ሊቆይ ይችላል። እርጥብ ብቻ የሚመስል ጥቁር አስፋልት በስስ በረዶ የተሸፈነ ሊሆን ስለሚችል በማለዳ አይታመንም።

ፒክአፕ ለምን ይንሸራተታል?

አብዛኛው የፒክአፕ ክብደት የሚያርፈው ሞተሩ ባለበት በፊት በኩል ነው። ብዙ ጊዜ መኪናውን የሚገፉት ግን የኋላ ጎማዎች ናቸው። የጭነት ቦታው ባዶ ሲሆን የኋላ ጎማዎች መሬቱን አጥብቀው ስለማይዙ የመኪናው ጀርባ ወደ ጎን ይወጣል። አራቱም ጎማዎች እንዲገፉ ማድረግ ለመነሳትና ዳገት ለመውጣት ይረዳል፤ መኪናው የሚቆምበትን ርቀት ግን አያሳጥርም።

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ በደረቅ አስፋልት 10 ሜትር ገደማ ተጉዞ ሲቆም፣ በረጋ በረዶ ላይ ግን 60 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ፍጥነቱ ወደ 20 ሲቀንስ ርቀቱ ወደ 15 ሜትር ገደማ ይወርዳል።

ከመነሳት በፊት

• ጥርሱ ያለቀ ጎማ ይቀየር።
• ባዶ መኪና ከሆነ ሁለት ጆንያ አሸዋ ከኋላ ጎማዎች በላይ ተጭኖ በገመድ ይታሰር። አሸዋው ጎማ ሲሽከረከር ከሥሩ ለመበተንም ያገለግላል፤ አመድም ይሠራል።
• በውርጭ አካባቢ የሚያድር መኪና ራዲያተሩ ውስጥ ተራ ውኃ ብቻ ከሆነ ውኃው ረግቶ ሊሰነጥቀው ስለሚችል ፀረ በረዶ ፈሳሽ ይጨመርበት።
• ውርጭ በያዘው የፊት መስታወት ላይ የፈላ ውኃ አይፈሰስ፤ ይሰነጠቃል።

በጉዞ ላይ

ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንሶ መኪናውን በሞተሩ ኃይል መያዝ ይገባል። ማርሹን ነፃ አድርጎ መውረድ እጅግ አደገኛ ነው። መሪ፣ ነዳጅና ፍሬን ሁሉም በዝግታ ይነኩ። የመኪናው ጀርባ ከተንሸራተተ እግርን ከነዳጅ አንስቶ፣ ፍሬን ሳይረግጡ፣ ጀርባው ወደሄደበት አቅጣጫ መሪውን በልኩ ማዞር ያስፈልጋል።

በረዶ እየጣለ ከሆነ ከሁሉ የሚሻለው መቆም ነው። ብዙውን ጊዜ ፈጥኖ ያባራል፤ ፀሐይ ስትወጣም ይሟሟል። መቆሚያው ግን መታጠፊያ፣ የገደል ሥር ወይም የጎርፍ መውረጃ መሆን የለበትም፤ የአደጋ ጊዜ መብራትም ይብራ።

በገበያ ቀን ከጭነት በላይ ተሳፍሮ መጓዝ በብዙ ቦታ ይታያል። በደረቅ መንገድም አደገኛ የሆነው ይህ ልማድ በበረዶ ላይ ይከፋል፤ መኪናው ጥቂት ሲንሸራተት እንኳ መያዣ የሌለው ሰው ወደ ገደል ሊወረወር ይችላል። አሽከርካሪው እንዲህ ያለውን ተሳፋሪ አለመጫን፣ ተሳፋሪውም አለመሳፈር ይጠበቅበታል።