ዜና ወዝአደር ዘምድረ ቻይና

ማኦ ዜዱንግ እ.ኤ.አ. በ1949 አዲሱን መንግሥት በቤጂንግ ካወጀ በኋላ፣ በከተማ ያለ የፋብሪካ ወዝአደር ከደመወዙ ሌላ ቤትና ሕክምና፣ የልጅ ትምህርትና ጡረታ ከመሥሪያ ቤቱ የሚቀበል ሆነ። ሕዝቡም ይህን ኑሮ የብረት ሳህን አለው፤ አይሰበርም ብሎ አምኗልና። ዳሩ ግን በ1958 የወጣው የነዋሪዎች ምዝገባ ሕግ አገሬውን ከተሜና ገጠሬ ብሎ ለሁለት ከፈለው፤ ገበሬውም ከዚያ ማዕድ ውጭ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የወዝአደሩን ዕጣ የወሰነው ከደመወዙ ይልቅ ይህ መዝገብ ነው እላለሁ።

ከማኦ በኋላ አገሪቱን የመራው ዴንግ ሺያዎፒንግ በሩን ለውጭ ባለሀብት ከፍቶ ሼንዘን በ1980 ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና በሆነች ጊዜ፣ ከሲቹዋንና ከሁናን ገጠር ወጣቶች፣ ይልቁንም ልጃገረዶች፣ ጎረፉ። ፋብሪካው ተቀበላቸው፤ ከተማው ግን በመዝገቡ አላሰፈራቸውም። በ1982 ደግሞ ሥራ የማቆም መብት ከሕገ መንግሥቱ ወጣ። በ1993 በዚያችው ከተማ አንድ የአሻንጉሊት ፋብሪካ ሲቃጠል በሮቹ ተቆልፈው ነበርና 87 ሰዎች አለቁ። የከተሜውም የብረት ሳህን ቢሆን አልዘለቀም፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ በጠቅላይ ሚኒስትሩ በጁ ሮንግጂ ዘመን የመንግሥት ፋብሪካዎች ሲዘጉና ሲሸጡ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ተሰናበቱ። በ2002 በሰሜን ምሥራቅ ያለችው የሊያዎያንግ ከተማ ሠራተኞች አደባባይ ቢወጡ መሪዎቻቸው ወኅኒ ወረዱ።

«ደመወዙ ብዙ እጥፍ አድጎ፣ ስንቱ ከድህነት ወጥቶ ሳለ ስለ መዝገብ ማውራት ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። ማደጉ እውነት ነው፤ ነገር ግን በችሮታ ብቻ የመጣ አይደለም። በ2010 በፎሻን የሆንዳ ፋብሪካ ወጣቶች እጃቸውን አጣጥፈው በመቀመጣቸው ጭማሪ አገኙ፤ የወጣት ጉልበት መሳሳት ጀምሮ ነበርና አሠሪው ሌላ መንገድ አልነበረውም። ደመወዝ ግን ያለ መዝገቡ ለገጠሬው ልጅ የቤጂንግን ትምህርት ቤት በር አይከፍትም። ምዝገባውም ላልቷል ይባላል፤ በትንንሽ ከተሞች እውነት ነው፣ ሥራው በሞላባቸው በታላላቆቹ ግን ደጁ ጠባብ ነው። በ2017 መጨረሻ በቤጂንግ ዳሺንግ ወረዳ ቃጠሎ 19 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ ለደኅንነት ነው ተብሎ ከገጠር የመጡ ነዋሪዎች በብርድ ወራት ከየቤታቸው ተባረሩ። ወደ ሼንዘን ቀድመው የገቡት ዛሬ ሸምግለዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን በከተማ ሠርተው፣ ጡረታቸውን በገጠሬ ሒሳብ፣ ከከተሜው እጅግ ያነሰውን ይቀበላሉ።