በሊኑክስ ኮምፒዩተር የማተም ችግርና አፈታቱ፦ አጭር ታሪካዊ ቅኝት

አንድ ጽሑፍ ከኮምፒዩተር ተነሥቶ በወረቀት ላይ እስኪሰፍር ድረስ የሚያልፍበት መንገድ ምን ያህል ረጅም እንደ ሆነ የሚታወቀው ማተሚያው ዝም ያለ ዕለት ነው። ትእዛዙ ተሰጥቷል፤ መብራቱም በርቷል፤ ወረቀቱ ግን አይወጣም። በሊኑክስ ሥርዓት የሚሠራ ባለሙያ በእንዲህ ያለ ጊዜ ጥፋቱን የሚያገኝበት ዘዴ በአንድ ጀምበር የተፈጠረ ሳይሆን ከ40 ዓመታት በላይ ደረጃ በደረጃ የተገነባ ነው። የታሪኩም ፍሬ ነገር፣ የመሣሪያን አሠራር የማወቅ መብት የማን ነው? የሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ጎልቶ የወጣው በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። በዚያ የነበረው አሮጌ ማተሚያ ወረቀት በተቀረቀረበት ቁጥር፣ ሪቻርድ ስቶልማን ያሻሻለው ፕሮግራም ተራቸውን ለሚጠባበቁት ሁሉ መልእክት ይልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ላቦራቶሪው ከዜሮክስ ኩባንያ አዲስ የሌዘር ማተሚያ አገኘ። ማተሚያው ፈጣን ቢሆንም የፕሮግራሙ ምንጭ አብሮት ስላልመጣ ያንኑ ማሻሻያ ማድረግ አልተቻለም። ስቶልማን እንደ ተናገረው፣ ምንጩ የነበረው የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ምሥጢር ለመጠበቅ ቃል ገብቻለሁ በማለት ከለከለው። ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የግኑን ፕሮጀክት እንዲያውጅ ካነሣሡት ገጠመኞች አንዱ ይኸው ነበር።

በዚሁ ዘመን በበርክሌይ የዩኒክስ ሥርዓት ውስጥ ኤል ፒ ዲ የተባለ ፕሮግራም የኅትመት ሥራዎችን እየተቀበለ ተራ ያስይዝ ነበር። ሊኑክስም እ.ኤ.አ. በ1991 ብቅ ካለ በኋላ ይህንኑ ዘዴ ወረሰ። ይሁን እንጂ ኤል ፒ ዲ የታሰበው ፊደልን በመስመር እየደረደሩ ለሚያትሙ መሣሪያዎች ነበር። ዩኒክስ የመስመርን መጨረሻ በአንድ ምልክት ብቻ ስለሚያመለክት፣ ብዙ ማተሚያዎች ወደ ታች ቢወርዱም ወደ ግራ ጠርዝ አይመለሱም ነበር፤ ጽሑፉም እንደ ደረጃ እየተንሸራተተ ከወረቀቱ ይወጣል። መድኃኒቱ የጎደለውን ምልክት የሚጨምር ትንሽ ለዋጭ ፕሮግራም በመካከል ማስገባት ነበር።

አዶቤ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ፖስትስክሪፕት ገጹን በሙሉ የሚገልጽ ቋንቋ ሆነ፤ ቋንቋውን የሚረዱት ማተሚያዎች ግን ውድ ነበሩ። ለማይረዳው ማተሚያ የተላከ እንደ ሆነ፣ በገጹ ምትክ ብዙ ወረቀት የሚፈጅ የፕሮግራም ጽሑፍ ይወጣል። ፒተር ዶይች እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው ጎስትስክሪፕት ግን ቋንቋውን በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተርጉሞ ወደ ነጥቦች ለወጠው። ገጹ በሥዕል መልክ የሚላክ ስለ ሆነ፣ የግዕዝ ፊደል የሌለው ማተሚያ እንኳ በዚህ መንገድ አማርኛን ለማተም ይችላል።

ቀሪው ችግር ማተሚያው ራሱ ስለ ራሱ አለመናገሩ ነበር። ማይክል ስዊት እ.ኤ.አ. በ1999 ለሕዝብ ያቀረበው ካፕስ የተባለው ሥርዓት፣ አይ ፒ ፒ በሚባለው ግልጽ የመነጋገሪያ ደንብ ላይ ተመሠረተ። በዚህም ደንብ ኮምፒዩተሩ ማተሚያውን ምን ዓይነት ወረቀት እንዳለውና በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ሊጠይቀው ቻለ። አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ካፕስን ለራሱ ሥርዓት ተቀበለ፤ በ2007ም የፕሮግራሙ ባለቤት ሆነ። ዛሬ ደንቡን የሚያከብሩ ብዙ ማተሚያዎች የተለየ ድራይቨር ሳይጫንላቸው ይሠራሉ።

የዛሬው ባለሙያ የፍለጋ ቅደም ተከተልም ከዚሁ ታሪክ የተቀዳ ነው። በመጀመሪያ ገመዱንና መረቡን ይመለከታል። ቀጥሎ ተራው አለመቆሙን ያረጋግጣል፤ ካፕስ ስሕተት ገጥሞት ተራውን ካቆመ፣ ገመዱ ቢስተካከልም በትእዛዝ እስኪከፈት ድረስ ቆሞ ሊቀር ይችላልና። ከዚያም ለዋጩ ፕሮግራም የት ላይ እንደ ወደቀ ከስሕተት መዝገቡ ያነባል። በመጨረሻም ማተሚያው የተላከለትን ቋንቋ የሚረዳ መሆኑን ይመረምራል።

በዚህ በመጨረሻው ደረጃ የ1980ው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። አምራቹ የማተሚያውን ቋንቋ ሰውሮ የተዘጋ ድራይቨር ብቻ የሰጠ እንደ ሆነ፣ የኮምፒዩተሩ ሥርዓት በተለወጠ ጊዜ ጤነኛ የሆነው መሣሪያ ያለ ሥራ ይቀራል፤ የባለሙያውም ችሎታ ከተዘጋው በር አያልፍም። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤቱ ማተሚያ የሚመርጥ መሐንዲስ ከዋጋውና ከፍጥነቱ አስቀድሞ መሣሪያው በምን ቋንቋ እንደሚናገር ሊጠይቅ ይገባዋል። የጥገናው ዕድል በአብዛኛው የሚወሰነው በግዢው ዕለት ነውና።