ከሰማይ የማይታየው የጨሞጋ ደን ታሪክ

ከጮቄ ተራራ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ የሚያልፈውን የጨሞጋ ወንዝ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ተመራማሪው ወልደአምላክ በውቀት የወንዙን ተፋሰስ ከ1957 እስከ 1998 (እ.ኤ.አ.) በአየር ፎቶግራፍና በሳተላይት ምስል አጥንተው ነበር። ውጤቱ ያስገርማል፤ ደኑ በዓመት በአማካይ 11 ሄክታር ያህል ጨምሯል። ዋናው ምክንያት ግን ሰው የተከለው ባሕር ዛፍ ነው።

ከላይ ሲታይ ዛፍ ሁሉ ዛፍ ነው። የትኛው ወይራ እንደተቆረጠ፣ የትኛው ምንጭ እንደጎደለ የሚያውቀው ግን የአካባቢው ሰው ነው። ስለ አየር ንብረት ጥበቃ ስናወራ እሱን መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ይህ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ምድር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ነዋሪው የራሱን አለቃ ይመርጣል፤ ሣሩ እስኪያገግም ለዓመታት ይከለከላል፤ ጠባቂውም ቀጪውም ራሱ ነዋሪው ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ጥበቃውም ላላ። ኋላ ላይ ነዋሪው በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ አቆመው።

የጮቄ ገበሬም ችግኝ ለመትከል ብቻ ተጠርቶ የሚመለስ ከሆነ፣ ደኑ የሌላ ሰው ሆኖ ይቀራል። የሚቆጥረው፣ የሚከለክለውና የሚጠየቅበት እሱ ሲሆን ግን፣ ሳተላይት ያላየውን የሚያይ ዘብ አገኘን ማለት ነው።