ሥርዓተ ንዋም

እንቅልፍ የነሣው ሰው ታሪክ ጥንታዊ ነው። በመጽሐፈ አስቴር እንደ ተጻፈው፣ ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ በ127 አገሮች ላይ የነገሠው አርጤክስስ አንዲት ሌሊት እንቅልፍ ከዓይኑ ቢርቅበት የዘመኑን ታሪክ መጽሐፍ አስመጥቶ በፊቱ አስነበበ፤ ከእርሱም አስቀድሞ ሳኦል ክፉ መንፈስ ባስጨነቀው ጊዜ ዳዊት በገና እየደረደረ ያሳርፈው ነበር። የአገራችን ሰው እነዚህን ሁለት ታሪኮች ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ስለ ሆነ፣ ሐሳብ ሲያወጣና ሲያወርድ ለሚነጋበት ሰው ንባብና ዜማ እንደሚበጁት ሳያውቅ አልቀረም። ይሁን እንጂ አባቶቻችን ከመኝታ በፊት ያደርጉት የነበረውን ሁሉ ስንመረምር፣ ብዙው እንቅልፍን ለማምጣት ታስቦ የተሠራ ሆኖ አናገኘውም።

ቤተ ክርስቲያን በሌሊትና በቀን ከሠራቻቸው ሰባት ጊዜያተ ጸሎት አንዱ ጊዜ ንዋም፣ ማለት የመኝታ ጊዜ፣ ይባላል፤ ሰዓቱም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። ፍትሐ ነገሥት በ14ኛው አንቀጹ ስለ ጸሎት ሲደነግግ ይህንንም ከሰባቱ ጋር ይቈጥረዋል፤ መምህራንም ጌታ በጌቴሴማኒ የጸለየበት ጊዜ መታሰቢያ ነው ብለው ያስተምራሉ። ነገሩ የሚያስደንቅ ነው፤ በዚያች ሌሊት ደቀ መዛሙርቱ የተወቀሱት ስለ ተኙ ነበርና፣ የትጋት መታሰቢያ የሆነው ሰዓት የእንቅልፍ ደጃፍ ሆነ ማለት ነው። እንዲያውም መነኰሳቱ ይፈሩት የነበረው እንቅልፍ ማጣትን ሳይሆን እንቅልፍን ራሱን ነው። የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል እግራቸው እስኪሰበር ቆመው መጸለያቸውን ይተርካል፤ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የደረሰው መጽሐፈ ሰዓታትም ካህናቱን ከመኝታቸው ቀስቅሶ በሌሊት የሚያቆም ነው። እንቅልፍ የሞት አምሳል ነውና፣ ሊተኛ የሚሄድ ክርስቲያን እንደሚሞት ሰው ሒሳቡን ዘግቶ፣ የበደለውን ይቅርታ ጠይቆ፣ ፀሐይ በቍጣው ላይ ሳትጠልቅ ታርቆ መተኛት ይገባው ነበር።

በእኔ አስተያየት ለሚባዝን ኅሊና የሚበጀው ምሥጢር የተሰወረው ከዚሁ ላይ ነው። የሰው ሐሳብ በቀን ሥራ ይይዘዋል፤ ማታ ግን ገመዱን እንደ በጠሰ በቅሎ ወደ ወደደው ይጋልባል፤ በተለይም ወዳልተከፈለ ዕዳ፣ ወዳልተመለሰ ቃል፣ ወዳልታረቁት ጎረቤት። ዳዊት የሚደግም ሰው ግን ማታ የሚያነበውን አይመርጥም፤ መዝሙሩ ለሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ፣ የሰኞው እስከ 30ኛው፣ የማክሰኞው እስከ 60ኛው እየተባለ ተወስኖለታል። ምላሱ ከልጅነቱ የለመደውን ቃል ሲከተል ሐሳቡም ቀስ በቀስ ይከተለዋል። ደብተራው የሚጽፈው ክታብ ከቅዠት ያድናል እየተባለ ብዙ ተሽጧል፤ እኔ ግን ከአንገት ላይ ከሚንጠለጠለው ብራና ይልቅ በቃል የተያዘው መዝሙር ብዙ ሰው አስተኝቷል ባይ ነኝ።

ዳዊት ያልተማረውም ባላገር ቢሆን ያለ ሥርዓት አይተኛም ነበር። ከብቱ በረት ገብቶ እራት ከተበላ በኋላ ከልጆቹ አንዱ ውኃ ለብ አድርጎ የአባቱን እግር ያጥባል፤ ቀኑን ሙሉ ከሞፈር ጋር የዋለ ሰው እግሩ በለብታ ሲታሸ ከጉልበቱ የሚወርደው ድካም እንዴት ያለ እንደ ሆነ ያየው ያውቀዋል። ያጠበውም ልጅ ጉልበት ስሞ ምርቃት ይቀበላል። ከዚያም በምድጃው ዙሪያ ተረት ይነገራል፤ እንቆቅልሽ ይጠየቃል፤ መልሱ የጠፋው ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል ጎንደርን ወይም ጎጃምን ሰጥቶ ይገላገላል፤ አገሩን ያስረከበ ልጅም ከዚያ ወዲያ የሚጨነቅበት ነገር የለውም። በመጨረሻ እናት ፍሙን በአመድ ታዳፍናለች፤ ቤቱ ይጨልማል፤ ሁሉም «ደኅና እደሩ» ተባብሎ ከመደቡ ወይም ከጠፍር አልጋው ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል። ከእራት በኋላ ቡና እስከ በረካ ጠጥቶ የሚተኛም ብዙ ነበር፤ ይህን የዛሬ ሐኪም ቢሰማ ይደነግጣል።

በዐቢይ ጾም ደግሞ በመኳንንቱና በሊቃውንቱ ቤት በገና ይደረደር ነበር። ዐሥሩ የበግ አንጀት አውታሮች እንዝራ ከሚባለው ቁራጭ ቆዳ ጋር ሲገናኙ የሚሰጡት ወፍራም እምምታ፣ እጅግ ዝግ ካለው ዜማ ጋር ተባብሮ ሰሚውን ያረጋጋል፤ ደርዳሪውም ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ለእግዚአብሔርና ለራሱ ያንጐራጕራል እንጂ ለጉባኤ አያሰማምና።

ይህ ሥርዓት በከተማ እየላላ የሄደው በአንድ ጊዜ አይደለም። ሬዲዮ በ1927 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ቴሌቪዥንም በ1957 ዓ.ም. ገባ፤ ተረቱም ከምድጃው ዳር ተነሥቶ ወደ ቴሌቪዥኑ መስኮት ሄደና ተረት ነጋሪው አባባ ተስፋዬ የአገር ሁሉ ልጆች አያት ሆኑ። የኤሌክትሪክ መብራቱንና መስኮቱን ብቻ መውቀስ አግባብ አይመስለኝም፤ ኩራዝም በዘመኑ ሌሊቱን አሳጥሯል። የተጓደለው ሌላ ነው፤ ቀድሞ ቤተ ሰቡ ቀኑን አንድ ላይ ይዘጋ ነበር፤ ዛሬ ግን እያንዳንዱ ለብቻው፣ በየራሱ ሰዓት፣ ብዙ ጊዜም ሳይዘጋው ይተኛል።

የታሪከ ነገሥት ጸሐፊዎች ንጉሡ የት እንደ ዘመተና ማንን ድል እንደ ነሣ ተግተው ጽፈዋል፤ ባላገሩ ማታ ማታ ምን እያደረገ ይተኛ እንደ ነበር ግን ለመጻፍ የሚበቃ ነገር አድርገው አልቈጠሩትም። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ አዛውንት ካሉ በልጅነታቸው እራት ከተበላ በኋላ እስኪተኙ ድረስ ምን ምን ይደረግ እንደ ነበር በየተራው ጠይቀህ፣ በሰፈራቸው አነጋገር ሳታርም ጽፈህ አኑር።