እንቅርት ያስጀመረው ካሜራ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላል ያገራችን ሰው፣ መከራ በመከራ ላይ ሲደረብ። እኛ የኒውላንድ ልጆች ደግሞ «በእንቅርት ላይ መንገድ» እንላለን። አንገቱ ያበጠ ሰው ከጋምቤላ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ሲጻፍለት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጠብቀዋል። ከሚታዘዙለት ምርመራዎች አንዱ በጋማ ካሜራ የሚነሳ ሊሆን ይችላል። እስኪ ዛሬ የዚህን ካሜራ ታሪክ እናውጋ።

ራጅ ጨረሩን ከውጭ ይልካል። ጋማ ካሜራ ግን ምንም አይልክም። በሽተኛው ጥቂት ጨረር አመንጪ መድኃኒት ይወስዳል፤ መሣሪያው ከሰውነቱ የሚወጣውን ጨረር ይለቅማል። የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን ስለሚሰበስብ ነገሩ የተጀመረው ከአንገት ነው። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሐኪሞች ጋይገር ቆጣሪ አንገት ላይ እያስጠጉ ነጥብ በነጥብ ይቆጥሩ ነበር። ቆጣሪው ግን አብዛኛው ጋማ ጨረር ሳይነካው ያልፈው ነበር።

በ1948 ሮበርት ሆፍስታተር ታሊየም ጠብ የተደረገበት የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል ጨረር ሲያርፍበት ብልጭ እንደሚል አሳየ። ልብ በሉ፣ ዕጢው የሚፈልገው አዮዲን መልሶ የማያው ዐይን ሆነ! በ1951 አካባቢ ቤኔዲክት ካሰን፣ በሌላ ክሪስታል ቢሆንም፣ ብልጭታ ቆጣሪውን በሞተር አስነዳው። መሣሪያው እንደ በሬ ጥማድ ትልም በትልም እየተመላለሰ የዕጢውን ምስል አወጣ። ቀርፋፋ ነበር። በ1958 ሃል አንገር ምልልሱን አስቀረው። ከአንድ ሰፊ ክሪስታል በስተጀርባ 7 የብርሃን ማጉያ ቱቦዎች ደረደረ፤ የትኛው ቱቦ ምን ያህል ብርሃን እንዳገኘ በማነጻጸር ብልጭታው የት እንደሆነ ታወቀ። ዕጢው በአንድ ጊዜ ታየ። ዛሬ ደግሞ ካድሚየም ዚንክ ቴሉራይድ የተባለው ቁስ ብርሃን ሳያስፈልገው ጨረሩን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ሩብ ሰዓት ይፈጅ የነበረ የልብ ምስል በጥቂት ደቂቃ ይነሳል፤ የመድኃኒቱም መጠን ይቀንሳል።

ታዲያ ዐይኑ ይህን ያህል ከረቀቀ የቀረው ምንድን ነው? መድኃኒቱ ነዋ! በብዛት የሚሠራበት ቴክኒሺየም በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ አውቶብስ ብንጭነውና ሁለት ቀን ቢፈጅ፣ ኒውላንድ የሚደርሰው ከ256 አንድ እጁ ነው። ስለዚህ ሆስፒታሎች የሚያስመጡት እናቱን፣ ሞሊብዲነምን ነው። እሱ በ66 ሰዓት ነው የሚጋመሰው። ባለሙያዎቹ «ላም» ይሉታል፤ ቴክኒሺየሙ በየዕለቱ ይታለባልና። ከብት አርቢው የኑዌር ወገናችን ይህን ለመረዳት ፕሮፌሰር አያስፈልገውም፤ ላሟ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ትነጥፋለች፣ ሌላ መምጣት አለባት።

በአገራችን የኑክሌር ሕክምና ሲነሳ ስሙ የሚጠራው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ነገሩ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ሳይንቲስቶቹ 70 ዓመት ለፍተው ያሳጠሩት በሽተኛው አልጋው ላይ የሚተኛበትን ደቂቃ ነው። አልጋው ጋ ለመድረስ የሚያልፈውን ቀን ግን ክሪስታል አያሳጥረውም። ላሟም መንገድ የዘጋበትን ሰው አትጠብቅም።

እኛ ኒውላንድ ላይ ነገ ጋማ ካሜራ ይተከል አንልም። የምንለው ቀላል ነው፦ ሪፈር የሚጽፍ ሐኪም ቀድሞ ስልክ ይደውል፤ መድኃኒቱ የሚገባበት ቀን ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ በሽተኛውም ቀኑን አውቆ ይሳፈር። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ፈጠራ ሳይሆን አንድ የስልክ ጥሪ ነው።